ከስኮርታው ሥር

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፣ የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ፤
ተሳፋሪው በእንጅባራ ሐምሌ መስኮት ሲከፍት በዝምታ።
ቀጥሎ ድምፅ፤ ያች አሮጌ ኮሮላዬን ይዤ ኩርባ ስዞር
ከኋላዬ «ቿ» የሚል ነገር፣ ሰው እግሩን እንደሚነክር።

የኋላ ኮፈኑን ከፈትሁ፣ ምንጣፉን ገለጥሁ፣
ስኮርታ ጎማውን አነሳሁ፣ ቆሜ ደነገጥሁ፤
ኩሬ ነው። በኩሬው ዳር፣ ከክሪኩ ሥር ተኮልኩሎ
የአቶ ይግረማል ገብስ፣ ከጆንያ ሾልኮ የቀረው፣ በቅሎ!
አረንጓዴ፣ ጣት የሚያህል፣ ነፋስ ያላየ ቡቃያ፤
ያለ ሞፈር፣ ያለ ቀንበር፣ ያለ አንዲት ከረጢት ማዳበሪያ።

የመናኸሪያው ሰው ተጠራራ፤ «ብቅል ነው!» ብለው ሳቁ፤
«ጠላው መቼ ይደርሳል?» እያሉ ተራ በተራ ጠየቁ።
ሳቅሁ እኔም። ውሃ መቼም እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤
ወለሉን ስነካው ዝገት፣ በጥፍሬ ሥር ሲናድ።

አንዱ «ጣራዋ ነው» አለ፣ አንዱ «በሯ»፣ አንዱ «መስታወት»፤
መካኒኩ አንማው ግን ዞራት ብቻ፣ እጁ ከካፖርቱ ኪስ ሳይወጣለት።

እኔ የጠረጠርሁት ሌላ ነው፤ እሑድ እሑድ ከሰከላ
ጠበል ቀድተው የሚሳፈሩት፣ ጀሪካን የሚጭኑ ከኋላ።
ክዳኑ የላላ አንድ አይጠፋም፤ ፈሶ ቢሆንስ እያልሁ
ውሃውን በጣሳ ቀዳሁና ልደፋው ወጥቼ ቆምሁ።
ጠበል ከሆነ? የትም አይደፋ። ሰው ከማይረግጠው ቦታ፣
ከአጥሩ ሥር፣ ከግራዋው ግርጌ፣ አፈሰስሁት በቀስታ።

ሁለት እሑድ ጀሪካን አልጫንሁም። ሰው ተቀየመኝ።
ሰኞ ብከፍት ያው ኩሬ፤ ሰማዩ ከሥር ቀና ብሎ አየኝ።

አንማው ያን ጊዜ ተናገረ፦ «ውሃ የሚታይበት ሌላ፣
የሚገባበት ሌላ ነው፤ አትመነው። አድርቃት በመላ።
ስፌቱን ሁሉ ኖራ ነስንስበት፤ አንዳችሁ ከውስጥ ግቡ፤
ከላይ እንዳትጀምሩ፤ ከታች ነው፣ ግራ እንዳትጋቡ።»

የገባሁት እኔ ነኝ። ጉልበቴን አገጬ ሥር ወትፌ፣
የስልኬን መብራት በጥርሴ ይዤ፣ በመኪናዬ ጓዳ ተጣጥፌ።
ባንችአምላክ ክዳኑን ዘጋች፤ ጆግና ባልዲ ይዛለች፤
ከፓራውልቱ ጀመረች፤ ምንም። ትንሽ ከፍ አለች።

ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ጆሮው ብቻውን ይሠራል፤
ውጭ ላለው ደግሞ የተዘጋበት ሰው የማይሰማ ይመስለዋል።
«አየሽው፣ ይታይሽ?» አለች ለጎረቤት፣ ጆጉን ደፍታ፤
«ለዚች መካኒክ ተጠራ። እኔ ሦስት ክረምት፣ ማታ ማታ፣
ከራስጌዬ ሳፋ ደቅኜ፣ ጠብ! ጠብ! ስቆጥር ነጋ፤
ምነው መኪና በሆንሁ! ያኔ እንኳ ወዲህ ቢጠጋ።»

ልመልስ አፌን ስከፍት መብራቱ ከጥርሴ ወደቀ፤
ወድቆ በጎን ያበራው ጥግ ላይ ነጩ ኖራ ደመቀ፣
በመሐሉ አንዲት ጥቁር መስመር፣ እንደ ክር የቀጠነች፣
ከግራው ስቶፕ መብራት ጀርባ እየተሳበች ወረደች።
«እዚሁ ነው!» ብዬ ደበደብሁ። «የቱ?» «የግራው፣ መብራቱ!»
አልከፈተችም ቶሎ። ሁለቱም ሳቁ፤ ረዘመብኝ ሰዓቱ።

አንማው በካቻቢቴ አራት ብሎን ፈታ፣ መብራቱን ነቀለ፤
ጎሚኒው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰንጥቆ፣ ከሁለት የተከፈለ።
ከአሮጌ ከመነዳሪ አዲስ ቆረጠ፣ በዓይኑ ብቻ ለክቶ፤
ዙሪያውን ሲልኮን ቀባ፣ በአውራ ጣቱ ዳምጦ፣ ምራቁን ተፍቶ።
ከወለሉ ቀዳዳም በሚስማር የደረቀ ጭቃ አወጣ፤
«ይቺ ክፍት ብትሆን» አለኝ፣ «ገብስህ መብቀያ ባጣ።»

ቡቃያውን ለዶሮዎቹ በተንሁ፤ ምንጣፉን አጥር ላይ ሰቀልሁ፤
ከቱቦዋ አፍ የቀረችውን ሲልኮን በእጄ ይዤ ቆየሁ።
መሰላል ተዋስሁ። ለማንም ሳልናገር ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ።
ከራስጌያችን ትክክል አልፈለግሁም፤ ሁለት ክንድ ወደ ላይ ርቄ
የላላች ሚስማር አገኘሁ፤ መታኋት፣ ቀባኋት፣ ወረድሁ ተጠንቅቄ።

ያን ሌሊት ዘነበ፤ ጣራ የሚያስጮኽ፣ የማያባራ፤
ሳፋው ከራስጌ አፉን ከፍቷል፣ ደረቅ፣ እንደሚጠብቅ ተራ።
«አልተኛሽም?» አልሁ። «ዝም አለኮ፤ ምን ልቁጠር?» አለች ባንችአምላክ።
እኔም አልተኛሁ፤ ጆሮዬ ደጅ ነው፣ ከኮፈኗ ሥር ሲንበረከክ።